የከተማ ምክር ቤትና የጋራ ውሃ

ስለ አገር አስተዳደር በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ሰፊውን ስፍራ የሚይዙት ጦርነትና ሰላም፣ ሹመትና ሽረት፣ ታላላቅ አዋጆችም ናቸው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ምክር ቤት ከሥራ ሰዓት በኋላ ተሰብስቦ የሚነጋገርበትን ጉዳይ ግን ታሪክ ጸሐፊ አይፈልገውም። የእንዲህ ያለውን ምክር ቤት የቃለ ጉባኤ መዝገብ ገልጦ የሚያነብ ሰው ቢኖር የሚያገኘው ይህን የመሰለ ነው፤ ስለ መንገድ መብራት መጠገን፤ ባለቤት ስለሌላቸው ውሾች መብዛት፤ ስለ ገበያ መደብ ኪራይ፤ ስለ መቃብር ስፍራው አጥር መፍረስ፤ ከዚያም ከእነዚህ መካከል በአንዲት መስመር ተጽፎ፣ የምግብ ማሸጊያው ፋብሪካ ስለሚለቀው እድፍ ውሃ። ስለ መብራቱና ስለ አጥሩ ውሳኔ ተሰጥቷል። ስለ ውሃው ግን «ጉዳዩ ለሚመጣው ስብሰባ ተላልፏል» የሚል ቃል ብቻ ይነበባል።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህች አንዲት መስመር ነው። የሚያነሣውም ጥያቄ፣ ምክር ቤት ተጠያቂነቱ ለመረጡት ሰዎች ብቻ ነው ወይስ ድምፅ ባይኖራቸውም በውሳኔው ለሚጎዱት ሁሉ ነው? የሚል ነው።

ሌሎቹ ጉዳዮች ሁሉ የሚመሳሰሉበት አንድ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ተጎጂው በከተማው ውስጥ መገኘቱ ነው። መብራት የጠፋበት ሰፈር ነዋሪ በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት መጥቶ አቤት ይላል። ኪራይ የተጨመረባት ነጋዴ የምክር ቤቱን አባል ደጅ ትጠናለች። ስለዚህ ምክር ቤቱ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱን የሚነግረው ሰው አያጣም። የፋብሪካው ውሃ ግን ከከተማው ወሰን ወጥቶ ይሄዳል። ጥቅሙ ከወሰኑ በላይ ይቀራል፤ ጉዳቱ ከወሰኑ በታች ይወርዳል። ከታች ያለው ገበሬ በምርጫው ድምፅ አልሰጠም፤ በስብሰባውም ወንበር የለውም። ዓሣ አይናገርም፤ ገና ያልተወለደ ሕፃንም አቤቱታ አይጽፍም። እንግዲህ የምክር ቤት ፍትሕ በእውነት የሚፈተነው፣ ከሳሽ ቆሞ በሚጮኽበት ጉዳይ ሳይሆን ከሳሽ በሌለበት ጉዳይ ነው።

አስቀድመን ግን ፋብሪካውን ያለ ፍርድ እንዳንኰንነው ያስፈልጋል። ምግብን አየር በማይገባበት ዕቃ አሽጎና በሙቀት ቀቅሎ ለረዥም ጊዜ ማቆየትን ለዓለም ያስተማረው ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ዘዴውን የገለጸበትንም መጽሐፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1810 አሳተመ። (ከዚህ በታችም ስለ ውጭ አገር የሚነገሩት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በቆርቆሮ ዕቃ ለማሸግ የፈጠራ መብት ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በመከር ወራት ተትረፍርፎ ይበሰብስ የነበረው ፍሬ ለክረምት ተረፈ፤ መርከበኛውና ወታደሩ ከሩቅ አገር ሆኖ የአገሩን ምግብ በላ። ፋብሪካ የተተከለባት ትንሽ ከተማም ሥራ አገኘች፤ መሬት ለሌለው ደመወዝ፣ ለገበሬው ገበያ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ግብር ሆነላት። ይህን ሁሉ የሚንቅ ሰው ተርቦ የማያውቅ ሰው ነው።

የእድፉም ጠባይ ሰውን የሚያሳስት ነው። ከማሸጊያ ፋብሪካ የሚወጣው ውሃ በአብዛኛው መርዝ አይደለም። የቲማቲም ልጣጭ፣ የፍሬ ጭማቂ፣ የዓሣ ደምና ሆድ ዕቃ ነው፤ በአጭሩ ምግብ ነው። «ምግብ ውሃን እንዴት ይገድላል?» የሚለው የምክር ቤት አባል ስለዚህ አይፈረድበትም። መልሱ ግን ይህ ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ይህን ምግብ ሲያገኙ ይበዛሉ፤ ሲበዙም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ሊትር ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን 9 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ከመኖሪያ ቤት የሚወጣው እድፍ ውሃ እስኪጣራ ድረስ በአንድ ሊትር ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ኦክሲጅን ይፈልጋል። ከፍራፍሬና ከአትክልት ማሸጊያ የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ይበልጣል፤ አንዳንዴም ወደ ብዙ ሺህ ይደርሳል። ስለዚህ ጥቂት መቶ ሠራተኞች ያሉት ፋብሪካ በመከር ወራት በወንዙ ላይ የሚጭነው ሸክም የብዙ ሺህ ሰዎችን ከተማ ሸክም ሊያህል ይችላል። ዓሣው የሚሞተው ተመርዞ ሳይሆን ታፍኖ ነው፤ የሚገድለውም ክፋት ሳይሆን ትርፍራፊ ነው።

ይህ ሸክም ሊለካ የሚችል መሆኑ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በ1898 በእንግሊዝ አገር ስለ እድፍ ውሃ አወጋገድ የተቋቋመው ንጉሣዊ ኮሚሽን በ1912 ባወጣው ሪፖርት፣ የተጣራ እድፍ ውሃ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ የሚፈልገው ኦክሲጅን በአምስት ቀን ልኬት በአንድ ሊትር ከ20 ሚሊግራም፣ በውስጡ የተንሳፈፈውም ደቃቅ ነገር ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ይህም ወንዙ ቢያንስ በስምንት እጥፍ ሊያቀጥነው የሚችል ሲሆን ነው። ከዚያ ወዲህ «አናውቅም ነበር» የሚለው ምክንያት እየጠበበ ሄዷል። የሚቀሩት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ እነርሱንም አንድ በአንድ እንመርምር።

የመጀመሪያው ምክንያት «የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው» የሚል ነው። ወንዙ ትልቅ ነው፤ ከላይም ከታችም ሌሎች ከተሞች አሉ፤ የእኛ ጠብታ ምን ታደርጋለች? ይላሉ። ነገር ግን አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለአምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚባለው ተረት የሚሠራው ሁሉም ሎሚውን ሲያነሣ ነው። አምሳው ሰው ሁሉ ሎሚውን በአንዱ ጫንቃ ላይ ሲያኖር ግን እያንዳንዱ «እኔ ያኖርሁት አንድ ብቻ ነው» ቢልም ተሸካሚው ይወድቃል። ወንዝም የብዙ ሰዎችን «ትንሽ ድርሻ» የሚሸከም አንድ ጫንቃ ነው።

ሁለተኛው «ከሥልጣናችን ወሰን ውጭ ነው» የሚል ነው። ይህ ከፊሉ እውነት ነው። ከወሰን ባሻገር ያለውን ማዘዝ ምክር ቤቱ አይችልም። ነገር ግን ወሰን የሚወስነው የምናዝዘውን እንጂ የምንጎዳውን አይደለም። በገዛ ግቢዬ የለቀቅሁት ውሻ በጎረቤቴ ግቢ ሰው ቢነክስ፣ አጥሩ ሥልጣኔን ያቆመዋል እንጂ ዕዳዬን አያቆመውም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የከበደ ነው፤ እርሱም እንጀራ ነው። «ፋብሪካውን ብናስጨንቀው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሠራተኛውን ልጆች የሚያበላቸው ማን ነው?» ይህን የሚናገረው የምክር ቤት አባል ውሸታም አይደለም። ምናልባት የገዛ ወንድሙ በፋብሪካው ውስጥ ይሠራል። ከፊቱ ያለው ችግር የሚታይና ስም ያለው ነው፤ ከወንዙ በታች ያለው ችግር ግን ሩቅና ስም የለሽ ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው አነጋገር በእንዲህ ያለ ሰዓት ጥበብ ይመስላል።

ሆኖም ይህ ምክንያት ሁለት ነገሮችን ይሰውራል። አንደኛ፣ ምርጫው ሁልጊዜ «ፋብሪካ ወይስ ውሃ» አይደለም። ልጣጩንና የዓሣውን ሆድ ዕቃ ወደ ውሃው ሳይገባ በወንፊት መያዝ ይቻላል፤ የተያዘውም ለከብት መኖ ወይም ለማዳበሪያ ይሆናል። የቀረውን ውሃ በኵሬ አቈይቶ ማጣራት ወይም በእርሻና በዱር መሬት ላይ መርጨት ይቻላል፤ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ሲብሩክ የተባለው የእርሻ ኩባንያ ከ1950 ጀምሮ የፋብሪካውን እድፍ ውሃ በጫካ መሬት ላይ እየረጨ አሳይቷል። እንግዲህ እውነተኛው ጥያቄ ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ ምክር ቤቱ ፋብሪካውን በነጻ እንዲለቅ ሲፈቅድለት ወጪውን አላስቀረም፤ ወደ ሌላ ሰው አዛወረው እንጂ። ከታች ያለው ገበሬ ከብቶቹን ሩቅ ወስዶ ሲያጠጣ፣ እናትም ልጅዋን ወደ ሐኪም ስትወስድ የሚከፍሉት የፋብሪካውን ወጪ ነው። ይህም ግብር ነው፤ ሳይመክሩበት የተጣለባቸው፣ ደረሰኝ የማይቈረጥለት ግብር ነው። አንድ ምክር ቤት በሌላ ከተማ ሕዝብ ላይ ግብር የመጣል ሥልጣን እንደሌለው ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን በውሃ አማካይነት በየዕለቱ ይጥላል።

እነዚህን ምክንያቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚመረምር እውነተኛ ታሪክ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ይገኛል። በሞንቴሬይ ባሕረ ሰላጤ ዳር ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ከተሞች አሉ፤ ሞንቴሬይና ፓሲፊክ ግሮቭ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሰርዲን የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች በሞንቴሬይ ዳርቻ ተደረደሩ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህም በጣም በዙ። የዓሣው ራስና ሆድ ዕቃ ወደ ባሕሩ ይጣል ነበር። ሽታውም ወሰን ሳያከብር ወደ ጎረቤት ከተማ ይገባ ነበር። ፓሲፊክ ግሮቭ በ1875 ለመንፈሳዊ ጉባኤና ለማረፊያ የተቆረቆረች ጸጥተኛ ከተማ ነበረች፤ በፋብሪካዎቹ ላይ ግን አንዳች ሥልጣን አልነበራትም።

በዚህች ከተማ በ1899 መጥተው የሰፈሩ አንዲት ሊቅ ነበሩ፤ ዶክተር ጁሊያ ፕላት ይባላሉ። በ1898 በጀርመን አገር ከፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝተው ነበር። ስለ መንጋጋ አጥንት አመጣጥ በ1893 ያሳተሙትን ግኝት የዘመናቸው ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ እውነት መሆኑ የተረጋገጠው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ሴት በመሆናቸው በዩኒቨርሲቲ የማስተማር ስፍራ አላገኙም። ስለዚህ ዕውቀታቸውን ወደ ከተማቸው ተራ ጉዳይ መለሱት፤ ስለ መናፈሻና ስለ አበባ፣ ስለ መንገድና ስለ ከተማው መተዳደሪያ ደንብ ይሟገቱ ጀመር። ሕዝቡ ወደ ባሕሩ የሚወርድበትን መተላለፊያ አንድ ባለ ንብረት በበር ዘግቶ በነበረ ጊዜ በሩን በገዛ እጃቸው ሰብረው እንደ ከፈቱት ይነገርላቸዋል። በ1931 በ74 ዓመት ዕድሜያቸው የፓሲፊክ ግሮቭ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ።

እንግዲህ ከንቲባዋ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? የጎረቤትን ከተማ ፋብሪካ መዝጋት አይችሉም። «ከሥልጣኔ ውጭ ነው» ብለው ስለ መብራትና ስለ ውሾች ብቻ ቢነጋገሩ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እርሳቸው ግን የማይችሉትን ትተው የሚችሉትን ፈለጉ። ከተማዪቱ የገዛ ባሕር ዳርቻዋን እንድታስተዳድር ከካሊፎርኒያ መንግሥት ፈቃድ ተገኘ፤ በከተማዪቱ ዳርቻ በሚገኘው በሆፕኪንስ የባሕር ጥናት ጣቢያ ፊት ያለው ውሃም ለሳይንስ ጥናት ካልሆነ በቀር ማንም የባሕር ፍጥረት እንዳይሰበስብበት በ1931 ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ፋብሪካዎቹ ከጥቂት እርምጃ በላይ አይርቁም ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ አንዲት አረጋዊት ምሁር ቅዠት ሊቈጥረው ይችል ነበር፤ በሚበላሽ ባሕር አጠገብ አንዲት ቁራጭ ውሃ ማጠር ምን ይጠቅማል?

ዶክተር ፕላት በ1935 ዐረፉ፤ እንደ ኑዛዜያቸውም በባሕር ተቀበሩ። የሥራቸውን ፍሬ አላዩም። በዚያው ዘመን የካሊፎርኒያ ዓሣ አጥማጆች በአንድ የማጥመጃ ወቅት ከ700,000 ቶን በላይ ሰርዲን እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ግን ሰርዲኑ ጠፋ፤ ለዚህም ከልክ ያለፈው ማጥመድና የባሕሩ የሙቀት ለውጥ ሁለቱም ምክንያት እንደ ሆኑ ይነገራል። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻውም በ1973 በሩን ዘጋ። ስለ እንጀራ ሲባል ያልተገደበው ሥራ እንጀራውን ራሱን ይዞ ሄደ። በዚህ መካከል ስለ ጠጕሩ ታድኖ ጠፍቷል ይባል የነበረው ኦተር የተባለው የባሕር እንስሳ በ1938 ከሞንቴሬይ በስተ ደቡብ ባለው ጠረፍ ተገኘ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያም ወደ ባሕረ ሰላጤው ተመለሰ። ኦተሩ የባሕሩን ተክል የሚያጠፉትን እሾሃማ ፍጥረቶች ይበላልና ኬልፕ የሚባለው ረጅሙ የባሕር ተክል እንደገና ጫካ ሠራ። የባሕረ ሰላጤውን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ያቺ የታጠረች ቁራጭ ውሃ በክፉው ዘመን ፍጥረታቱ ዘራቸውን ያቈዩባት ጎተራ ነበረች። በ1984 ከቀድሞዎቹ ፋብሪካዎች በአንዱ ስፍራ ላይ ታላቅ የባሕር እንስሳት ማሳያ ተከፈተ።

ከዚህ ታሪክ ከሚገባው በላይ ትምህርት እንዳናወጣ እንጠንቀቅ። ባሕሩን ያዳነው ጥብቁ ስፍራ ብቻ አልነበረም፤ ፋብሪካዎቹም የተዘጉት በምክር ቤት ጥበብ ሳይሆን ዓሣው ስላለቀ ነው። ሥራቸውን ያጡትም ሠራተኞች ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነበር። የሚቀረው ትምህርት ግን ጽኑ ነው፤ የማይችሉት ነገር ብዛት የሚችሉትን ነገር ለመተው ምክንያት አይሆንም። ደግሞም የሹም ሥራ ዋጋ የሚለካው እርሱ በሕይወቱ በሚያየው ፍሬ ብቻ አይደለም። «እኔ ከሞትሁ ሠርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ናት፤ የከተማ አስተዳዳሪ ግን እርሱ ከሞተ በኋላ ሠርዶ ይበቅል ዘንድ የተሾመ ሰው ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ቢሆንም ጥያቄው የእኛም ነው። በአገራችን ማዘጋጃ ቤቶች በሕግ የተደራጁት በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና በጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ብክለትን ለመቈጣጠር አዋጅ ቁጥር 300 ወጣ። ሕግ እንግዲህ አልጐደለም። ነገር ግን አዋጅ በራሱ እግር ወደ ወንዝ ዳር አይወርድም። የሚወርደው በአንድ የከተማ ንጽሕና ሠራተኛ እግር ነው፤ የሚጻፈውም በአንድ ጸሐፊ ብዕር ነው፤ የሚጸናውም ወይም የሚቀረው፣ «ለሚመጣው ስብሰባ ተላልፏል» የምትለዋ ቃል በምትነበብበት አዳራሽ ነው።

ለእኛ ደግሞ ከሌሎች ይልቅ ነገሩ የቀረበ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የአቃቂ ወንዝ ከዋና ከተማችን፣ የሞጆም ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎች ባሉበት አገር በኩል ወርደው ወደ እርሱ ይገባሉ። በላይኛው አዋሽ ሸለቆም ቲማቲም በማሸግ ስሙ የታወቀው የመርቲ ፋብሪካ ተተክሏል። አዋሽ ግን እንደ ሌሎች ታላላቅ ወንዞች ወደ ባሕር አይገባም፤ በአፋር ቆላ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። እኛ የምንለቅቀው ከእኛው ዘንድ ይቀራል። ከታች ያለው ሰው ብለን የምንጠራውም ባዕድ አይደለም፤ በአንድ ሕግ የምንተዳደር ወንድማችን ነው።

ስለዚህ ከትንሽ ከተማ ምክር ቤት የሚጠበቀው ጀግንነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ኬሚስት የለውም፤ ገንዘቡም ጥቂት ነው፤ ጉዳዩም ይበዛበታል። የሚጠበቅበት ሦስት ተራ ነገር ነው። ፋብሪካው የሚለቀው ውሃ በሥራው ወራት እንዲለካና ልኩ በመዝገብ እንዲጻፍ ማድረግ አንድ ነው፤ ያልተለካ ነገር ሁልጊዜ ትንሽ ይመስላልና። ክፍያው እንደ ውሃው ብዛት ብቻ ሳይሆን እንደ እድፉም ክብደት እንዲሆን መወሰን ሁለት ነው፤ ያን ጊዜ ልጣጩን በወንፊት መያዝ ለፋብሪካው ራሱ ትርፍ ይሆናል። ሦስተኛውም ከታች ያለውን ሰው ጠርቶ መስማት ነው። አንድ ወንበር ለእርሱ ማኖር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ሰው በተቀመጠበት ፊት «ይተላለፍ» ማለት ባዶ ወንበር ፊት እንደ ማለት አይቀልም።

መብራቱ ይጠገን፤ ውሾቹም ይያዙ፤ እነዚህም የሕዝብ ጉዳዮች ናቸው፤ የሚንቃቸውም አይገባውም። ነገር ግን ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት ወደዚያች አንዲት መስመር ተመልሶ፣ በዚህ ጉዳይ የሚናገር ሰው ያልመጣው ጉዳት ስለሌለ ነው ወይስ የተጎዳው ሰው መንገዱን ስላላገኘ ነው? ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ባያውቅ፣ «ይተላለፍ» በሚለው ቃል ፈንታ ቀን ቈርጦ፣ ውሃውን ለመለካት የሚሄደውንም ሰው በስሙ ያስጽፍ።